የፖቶማክን ዛጎል ወደ ሰፈራችን ጅረት ብናዛውረው ይኖራልን?

የስላይጎ ጎረቤት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከስላይጎ ጅረት የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ርቀት ላይ ነው። ባለፈው ነሐሴ የፖቶማክ ውኃ ጎድሎ ሳለ፣ ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር በቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳርቻ ስንንሸራሸር ቆይተን ወደ ወንዙ ወረድን። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ የመዳፌን ያህል የሚረዝሙ፣ ውጫቸው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ውስጣቸው ግን ወይን ጠጅ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ባዶ ቅርፊቶች ተከምረው አገኘን። በአካባቢው ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ ቢጫ ቅርፊቶች እንደ ጠጠር ተበትነዋል። ልጄ ከቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትመለከት ከትልልቆቹ አንዱ በሕይወት ነበር፤ ከአሸዋው በግማሽ ወጥቶ፣ ከኋላው በጣት የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ፈር ትቷል።

እኔ ዛጎል ሲባል የማውቀው በአገር ቤት አገልግል ላይ የሚሰፋውን ነጭ የባሕር ዛጎል ብቻ ስለነበር፣ በወንዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍጥረት መኖሩ አስገረመኝ። ቤት ተመልሼ ሳነብ አንዱ ዛጎል በቀን እስከ 40 ሊትር የሚደርስ ውኃ ሊያጣራ እንደሚችል ተረዳሁ። የእኛ ስላይጎ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ደፍርሶ ቡናማ ስለሚሆን፣ ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ አሳብ መጣልን፤ ከፖቶማክ ሃምሳ ወይም መቶ ያህል በባልዲ አምጥተን ስላይጎ ውስጥ ብናስቀምጣቸው ይኖራሉ? የማይኖሩ ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው? ትንንሾቹ ቢጫዎችስ የትልልቆቹ ልጆች ናቸው? ለልጄ በትክክል ላስረዳት ስለምፈልግ፣ የምታውቁ ሰፋ አድርጋችሁ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ውኃ አጥኚ

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ሥራዬ የጅረቶችን ሕይወት ማጥናት ስለሆነ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት ባልዲውን እንዲተዉት ነው። የአገሬው ዛጎሎች ያለ ፈቃድ ከቦታቸው አይነሡም። በፌዴራል መንግሥት የአደጋ ዝርዝር ውስጥ የገባ ዝርያ ከሆነማ ባዶ ቅርፊቱን እንኳ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው፤ በዚህ አካባቢ ከሚታወቁት አንዷ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በዝርዝሩ የገባችው ድዋርፍ ዌጅመስል፣ ላልለመደ ዓይን ከሌሎቹ ለመለየት እጅግ ታስቸግራለች።

ያገኙት ክምር መስክራት የተባለው በውኃ ዳር የሚኖር አይጥ መሰል እንስሳ የበላው ትራፊ ሊሆን ይችላል፤ ዛጎሎቹን አውጥቶ በአንድ ቦታ እየበላ ቅርፊቱን መከመር ልማዱ ነው። ውስጡ ወይን ጠጅ የሆነው ረዘም ያለ ዛጎል፣ ከነገሩን መልክ ስነሣ፣ ኢስተርን ኤሊፕቲዮ የሚባለው ይመስለኛል። ትንንሾቹ ቢጫዎች ልጆቹ አይደሉም። እነዚያ ከምሥራቅ እስያ የመጡ ኮርቢኩላ የሚባሉ እንግዶች ናቸው፤ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ቅርጻቸውና በጣት ሲዳሰስ እንደ ደረጃ የሚሻክር መስመራቸው ይለያቸዋል። በአገልግሉ ላይ የሚያውቁት የባሕር ዛጎል ደግሞ በዘር ለቀንድ አውጣ የሚቀርብ እንጂ እንደነዚህ በማጠፊያ የተያያዘ ባለ ሁለት ክዳን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ዛጎሎቹን አምጥተው ቢያስቀምጧቸው፣ በመጀመሪያው ብርቱ ጎርፍ ተጠርገው ካልሄዱ፣ የተወሰኑት ለዓመታት በሕይወት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ልጅ ግን አይኖራቸውም። ምክንያቱን ለመረዳት አወላለዳቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ወንዱ ዘሩን ወደ ውኃው ይለቃል፤ ሴቷ ምግቧን ለማጣራት ውኃ ስትስብ ዘሩም አብሮ ይገባላትና እንቁላሎቿ በስንጥቧ ውስጥ ተፀንሰው እጭ ይሆናሉ። እያንዳንዱ እጭ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ ከእናቱ ከወጣ በኋላ በቶሎ ከአንድ ዓሣ ስንጥብ ወይም ክንፍ ላይ ካልተጣበቀ ይሞታል። ዓሣውም ያገኘው ዓሣ ሁሉ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የዛጎል ዝርያ የሚስማሙት የተወሰኑ የዓሣ ዝርያዎች ብቻ ናቸው። እጩ ከተስማማው ዓሣ ላይ እንደየዝርያውና እንደ ውኃው ሙቀት ለሳምንታት ተሸፍኖ ይቆይና፣ ተለውጦ፣ የራሱን እግር አብቅሎ ይወድቃል። የወደቀበት ቦታ ጠጠርና አሸዋ ከሆነ ይቀበርና ይኖራል፤ ልም ደለል ከሆነ ታፍኖ ይሞታል። ከሚለቀቁት እጮች ይህን መንገድ ሁሉ አልፎ ለወግ የሚበቃው እጅግ ጥቂቱ ነው።

ዛጎሎቹ ዓሣውን የሚያገኙበት ብልሃት እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ላምፕሲሊስ የሚባለው ወገን ሴቶች ከቅርፊታቸው ጠርዝ የሚወጣውን ሥጋ ትንሽ ዓሣ አስመስለው ያወዛውዙታል፤ በሥጋው ላይ ዓይን የሚመስል ነጥብና ጅራት የሚመስል ጫፍ ሳይቀር አለ። ትልቁ ዓሣ ምግብ ያገኘ መስሎት ሲነክሰው፣ እጮቹ በአፉ ገብተው ስንጥቡ ላይ ይለጠፋሉ። እናቲቱ ግን የዓሣን መልክ የምታይበት ዓይን የላትም።

የእርስዎ ኤሊፕቲዮ በዋናነት የሚፈልገው ኢል የተባለውን እባብ መሰል ዓሣ ነው። ኢል የሚፈለፈለው በአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሳርጋሶ ባሕር ሲሆን፣ ገና ጣት ሳያክል ወደ ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ የተሠራ ግድብ ኢሉን ብቻ ሳይሆን ዛጎሉንም ያግደዋል። ግልጹ ማስረጃ እዚሁ ቅርባችን፣ በሳስክዌሃና ወንዝ ላይ ይገኛል። የኮኖዊንጎ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1928 ከተሠራ በኋላ ኢል ወደ ላይኛው ወንዝ መውጣት ስለተሳነው፣ ከግድቡ በላይ ያሉት ኤሊፕቲዮዎች ባብዛኛው ያረጁ ሆኑና ወጣቶቹ ብርቅ ሆኑ። ዛጎል ለአሥርተ ዓመታት የሚኖር ፍጥረት በመሆኑ፣ ወንዙን የሚያይ ሰው ብዙ ትልልቅ ዛጎሎች አይቶ «ደኅና ነው» ይላል፤ እውነቱ ግን ተተኪ የሌለው የሽማግሌዎች መንደር መሆኑ ነው። በአሁኑ ጊዜ ወጣት ኢሎች ከግድቡ ሥር እየተያዙ በመኪና ተጭነው ከላይ ይለቀቃሉ። ስለዚህ ስለ አንድ ጅረት ሲጠየቅ እኔ የምጠይቀው «ስንት ዛጎል አለ?» ሳይሆን «ጥፍር የሚያክል የአገሬው ዛጎል አለ ወይ?» የሚለውን ነው።

ባለ ቅርጫቱ

ውኃ አጥኚ ባሉት ላይ ከአናኮስቲያ በኩል ያየሁትን ልጨምር። ጠያቂው እንደሚያውቁት ስላይጎ ወደ ኖርዝዌስት ብራንች ይገባል፣ ያም በብላደንስበርግ ከኖርዝኢስት ብራንች ጋር ተገናኝቶ አናኮስቲያ ይሆናል። በዚህ ወንዝ ላይ ዛጎሎችን መልሶ የማኖር ሥራ ተጀምሯል፤ እኔም በበጎ ፈቃደኝነት አግዣለሁ። አሠራሩ ከባልዲው አሳብ በእጅጉ ይለያል። እጭ የያዙ እናቶች ከወንዝ ተወስደው ወደ ማራቢያ ጣቢያ ይገባሉ፤ እጮቻቸው ከሚስማማቸው ዓሣ ጋር በገንዳ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ከዓሣው ላይ የወደቁት ጨቅላዎች አሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ስለሆኑ በማጉያ መነጽር ተቆጥረው፣ አልጌ የተባሉትን የውኃ ውስጥ ጥቃቅን አረንጓዴ ሕያዋን እየተመገቡ ያድጋሉ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ውስጥ በተንጠለጠሉ ቅርጫቶች ይቀመጡና ከጠላት ተጠብቀው እስኪጠነክሩ ይቆያሉ።

ቅርጫቱን ለመመርመር ከውኃው ስናወጣ የሚታየውን ልንገራችሁ። ላዩ በአረንጓዴ ለሃጭና በጭቃ ተሸፍኗል፤ እጃችንን አግብተን ደለሉን ስናጥብ ቀጫጭን ዛጎሎች ክዳናቸውን ጠቅ አድርገው ሲዘጉ ይሰማል። እያንዳንዱ በመለኪያ ይለካል፣ የሞተው ይቆጠራል፣ የዳነው ይመለሳል። ቅርፊታቸው ላይ በክረምት ብርድ እድገት ሲቆም የሚቀረው ጠቆር ያለ መስመር እንደ ዛፍ ቀለበት ይነበባል። በአንድ ወቅት ብዙ ዕድገት ያሳዩትን በእጄ ይዤ ሳይ፣ ይህ ወንዝ ተስፋ እንዳለው ይሰማኝ ነበር።

ተስፋው ግን ከባዶ አልመጣም። ብላደንስበርግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር መርከቦች የሚገቡበት ወደብ ነበር፤ በዙሪያው ለትምባሆ እርሻ ሲባል ዛፉ ሲመነጠር አፈሩ ታጥቦ ወደቡን ሞላው። የአገራችንን የአፈር መሸርሸር ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንዴት እንደሚሆን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ቆይቶም የከተማው ፍሳሽ ዝናብ በጣለ ቁጥር በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይገባ ነበር። ፍሳሹን ከመሬት በታች የሚያጠራቅሙት ዋሻዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የአናኮስቲያው፣ በ2023 ደግሞ የሰሜን ምሥራቁ፣ ሥራ ሲጀምሩ፣ ከዝናብ ውኃ ጋር ተደባልቆ ይገባ የነበረው ፍሳሽ አብዛኛው ተገታ። ዛጎሎቹ ወደ ቅርጫት የገቡት ይህ ሁሉ ወጪ በሚወጣበት ዘመን ነው። ወንዙን የሚያጸዱት እነርሱ ናቸው ብለን ሸክሙን ሁሉ በእነርሱ ላይ ብንጥል እንገድላቸዋለን፤ እኛ የምናጸዳውን ያህል አጽድተን ቀሪውን ነው የሚረከቡን።

የወንዝ ማዶ ሰው

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አንድ ነገር ልቃወም። እነዚህ ከእስያ መጡ የተባሉት ኮርቢኩላዎች ዓሣ አያስፈልጋቸውም፣ ራሳቸውን በራሳቸው ያራባሉ፣ ውኃም ያጣራሉ። ወደ ፖቶማክ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ መሆኑንና፣ በቀጣዩ አሥር ዓመት ከዋሽንግተን በታች ያለው ውኃ ጠርቶ የውኃ ውስጥ ሣር መመለሱን አንብቤአለሁ። እንግዲያው ውኃው እስከ ጠራ ድረስ፣ በብዙ ድካምና ገንዘብ የአገሬውን ዝርያ ማራባት ለምን አስፈለገ? ይህን የምጠይቀው ለክርክር ብዬ ሳይሆን፣ መልሱን ከልቤ ስለምፈልገው ነው።

ውኃ አጥኚ

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያነበቡትም እውነት ነው። ኮርቢኩላ በዚያን ጊዜ ለውኃው መጥራት ድርሻ ነበረው፤ ሆኖም በዚያው ዘመን ከፍሳሽ ማጣሪያው ወደ ወንዙ የሚገባው፣ ውኃውን የሚያደፈርሰውን አልጌ የሚያፋፋው ፎስፈረስ በብዙ መቀነሱም አይዘነጋ። ልዩነቱ የሚታየው ጊዜው ሲረዝም ነው። ኮርቢኩላ ዕድሜው ጥቂት ዓመት ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ወይም ብርድ ሲጸና በጅምላ ያልቃል፤ የበሰበሰው ሥጋው ደግሞ አሞኒያ ይለቅና በአጠገቡ ያሉትን የአገሬውን ዛጎሎች ይጎዳል። ኤሊፕቲዮ ግን በአንድ ስፍራ ለአሥርተ ዓመታት ግማሽ አካሉን ቀብሮ ሲኖር፣ ብዛት ካለው ጠጠሩን አጽንቶ ይይዛል፤ ከውኃ ያጣራውን ወደ ወለሉ እያወረደ ለውኃ ትሎችና ነፍሳት ምግብ ያቀርባል፤ ባዶ ቅርፊቱ ሳይቀር ለትናንሽ ዓሦች መጠለያ ይሆናል። አንዱ በሌላው አይተካም።

አሞኒያን ካነሣሁ አይቀር፣ የዛጎል ጨቅላ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚያሳልፈው በጠጠሩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቀብሮ ነው፤ የሚተነፍሰውም በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ውኃ ነው። ለዚህም ነው ዓሣ የሚችለው አሞኒያ እርሱን የሚገድለው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የአሞኒያን ወሰን ዝቅ አድርጎ ሲያሻሽል፣ ዋነኛ ምክንያቱ የእነዚህ ዛጎሎች ጥናት ነበር። እንግዲህ ማንም የማያያቸው ፍጥረታት የውኃችንን ሕግ አሻሽለዋል ማለት ነው።

የሚያስቸኩለን ደግሞ ብዙ ስለጠፋ ነው። በሰሜን አሜሪካ ወደ 300 የሚጠጉ የወንዝ ዛጎል ዝርያዎች ሲታወቁ፣ በዓለም ላይ ይህን ያህል ያለው አህጉር የለም። ከፕላስቲክ በፊት የሸሚዝ ቁልፍ ከእነርሱ ቅርፊት ይሠራ ነበር፤ በአዮዋ የምትገኘው መስካቲን ብቻ እ.ኤ.አ. በ1905 አንድ ቢሊዮን ተኩል ያህል ቁልፍ አምርታለች። ከዚያ በኋላ ግድቡ፣ ደለሉና መርዙ ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የፌዴራሉ መንግሥት ጠፍተዋል ብሎ ከጥበቃ ዝርዝሩ ካወጣቸው 21 ዝርያዎች ስምንቱ የወንዝ ዛጎሎች ናቸው። ከስምንቱ አንዱን እንኳ በሕይወት ለማየት አልታደልኩም።

የድልድይ መሐንዲስ

በግንባታ ሥራ ላይ ስለምገኝ፣ የምመሰክረው ከሌላው ወገን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አነስተኛ ድልድይ ስናድስ፣ ከሥራው በፊት በጅረቱ ውስጥ ዛጎል መኖር አለመኖሩ መመርመር ነበረበት። ምርመራው የተደረገው ውኃው ገና በቀዘቀዘበትና በደፈረሰበት ወቅት ሲሆን፣ ሪፖርቱም «የለም» ብሎ ጸደቀ። በበጋ ውኃው ጎድሎ ቁፋሮው ሲጀመር ግን ማሽኑ ያወጣው ጠጠር ውስጥ የተሰባበሩ ቅርፊቶች፣ በአንዳንዶቹም ውስጥ ነጭ ሥጋ አየሁ። ዛጎል በብርድ ጊዜ ጠልቆ እንደሚቀበር የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሥራውን ለማስቆም ሞክሬ ነበር፤ ወረቀቱ ተሟልቷልና ቀጥሉ ተባልን። ያ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ ምርመራ ውኃው ሲሞቅና ሲጠራ ይደረግ፣ የተገኙትም በባለሙያ እጅ ወደ ላይኛው የጅረቱ ክፍል ይዛወሩ እላለሁ። አንድ ቀን የሚያደርሰውን ጥፋት ለማወቅ በቨርጂኒያ የሚገኘውን የክሊንች ወንዝን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1998 በሴዳር ብላፍ አጠገብ አንድ ቦቴ መኪና ተገልብጦ ለጎማ ሥራ የሚያገለግል ኬሚካል በማፍሰሱ፣ በአደጋ ዝርዝር ያሉ ሦስት ዝርያዎች የሚገኙባቸው 7,000 ያህል ዛጎሎች አለቁ። ያንን ወንዝ መልሶ ለመሙላት እጭን ከዓሣ እያገናኙ፣ ጨቅላ እያሳደጉ ብዙ ዓመት ተደክሟል።

ስለ ስላይጎም አንድ ቃል ልበል። ጎርፍ ከጣሪያና ከአስፋልት በአንድ ጊዜ ሲወርድ ጠጠሩን እየገለበጠ ይሄዳል፤ በሚገላበጥ ጠጠር ላይ ዛጎል አይኖርም። ዛጎል የሚገኘው ከጎርፍ በኋላም ሳይነቃነቅ በሚቀር ወለል ላይ፣ ብዙ ጊዜ የዛፍ ሥር ዳርቻውን ይዞ በቆመበት አካባቢ ነው።

የስላይጎ ጎረቤት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጎረቤቶቼን ሰብስቤ መልሳችሁን አነበብኩላቸው፤ የባልዲው አሳብም ቀርቷል። አንዲት እናት ግን «እንግዲያው ምን እንሥራ?» ብለው የጠየቁኝን እኔም እጠይቃለሁ። በተጨማሪም የምናዘዘው ነገር አለ፤ ልጄ ያንን ሕያው ዛጎል አንሥታ ለጥቂት ደቂቃ ከያዘችው በኋላ፣ ወደ ጥልቁ ውኃ ወረወርነው። ጎድተነው ይሆን?

ውኃ አጥኚ

ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ አይሞትም፤ ክዳኑን ዘግቶ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። መወርወሩ ግን የሚበጅ አልነበረም፤ ከማይስማማው ወለል ላይ ሊያርፍ ይችላልና።

ለሠፈሩ የምመክረው ከውኃው ውጭ ያለውን ሥራ ነው። ከጣሪያችሁ የሚወርደውን ውኃ በበርሜል ያዙት ወይም በግቢያችሁ ጎድጎድ ባለ የተክል መደብ እንዲሰርግ አድርጉት፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሬይንስኬፕስ በሚባለው ፕሮግራሙ ለዚህ ሥራ የወጪ ተመላሽ ይሰጣል። ይህ መሐንዲሱ የተናገሩትን የጠጠር መገላበጥ በቀጥታ የሚቀንስ ነው። በክረምት ደግሞ በመግቢያችሁ ላይ የምትበትኑትን ጨው እጅግ ቀንሱት፤ በረዶውን አስቀድማችሁ በአካፋ ከጠረጋችሁ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። የዛጎል እጭ ጨው አይችልም፣ በክረምት የተበተነው ጨው ደግሞ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ወደ ጅረቱ እየገባ እስከ በጋ ይዘልቃል። ወደ ስላይጎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተለያዩ ዓሦች እንዲመለሱ ተደርጎ ነበርና፣ ዓሣው የሚኖርበትንና የሚያልፍበትን መንገድ የሚጠብቅ ሁሉ ለዛጎሉም እየሠራለት ነው። ባዶ ቅርፊት ስታገኙ ውጩንና ውስጡን፣ ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡና እዚያው ተዉት፤ ፎቶውን ከቦታውና ከቀኑ ጋር አይናቹራሊስት በተባለው የተፈጥሮ ምልከታ ድረ ገጽ ላይ ብታስቀምጡት ባለሙያዎች ያዩታል።

ወደፊት ልጅዎ ሕያው ዛጎል ካገኘች ሳታነሣው ብታየው ይሻላል። ጎርፍ ወይም ሰው ነቅሎት በጎኑ ተጋድሞ ካገኘችው ግን መመለስ ትችላለች። በማጠፊያው በኩል ያለውን ጉብታ ትፈልግ፤ ጉብታው ከአንደኛው ጫፍ ጋር ይቀራረባል። እግሩ የሚወጣው በዚያ ጫፍ አካባቢ ስለሆነ፣ በጣቷ አሸዋውን ትንሽ ከፈት አድርጋ ያንን ጫፍ ወደ ታች፣ ረዘም ያለውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋ፣ ባገኘችበት ቦታ እስከ ግማሹ ታስገባው። ሳትጫነው ትልቀቀው፤ የቀረውን ራሱ ይቆፍራል።